ዛሬ የወደቀ ዛፍ ዛሬ ይፈለጥ

ባሕር ዛፍ ካስቆረጣችሁ በዚያው ሳምንት አስፈልጡት። ቢቻል በዚያው ቀን። «ትንሽ ይድረቅና ይፈለጣል» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያ ብያለሁ። ያ ቃል ምን እንዳስከተለ ነው ዛሬ የምጽፈው። ጥቅምት ሊገባ ነው፤ ብዙ ሰው ዛፍ የሚያስቆርጥበት ወቅት ደረሰ። እኔ ያጠፋሁትን ሌላ ሰው እንዲደግመው አልፈልግም።

የቤተሰቦቼ ቤት ከደብረ ብርሃን ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። አገሩን የሚያውቅ ብርዱን አይረሳውም። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ያድራል። ሜዳው ገላጣ ስለሆነ ነፋሱን የሚያቆመው የለም። እዚያ እሳት ወጥ ለማብሰል ብቻ አይደለም የሚነደው። ማታ ቤተሰብ የሚሰበሰበው እሳት ዳር ነው፣ እርጥብ ጋቢ የሚደርቀው እሳት ዳር ነው፣ ልጅ የሚያጠናው እሳት ዳር ነው። ድሮ የሚነደው በአብዛኛው ኩበት ነበር፤ አሁንም ይነዳል። ኩበት ነደደ ማለት ግን ለገብሱ ማሳ የሚሆን ፍግ ነደደ ማለት ነው። ስለዚህ አባቴ ገና ጎልማሳ ሳለ ከቤቱ ጀርባ ባለው ተዳፋት ላይ ነጭ ባሕር ዛፍ ተከለ። ከገብሱ አራቀው፣ ከምንጩም አራቀው። ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣል፣ አጠገቡ ያለውን እህል ያቀጭጫል የሚባለውን የሰማው ከማንም አይደለም፤ የጎረቤት ማሳ ላይ በዓይኑ አይቶት ነው።

በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከዛፎቹ 11ዱን ለማስቆረጥ ተስማማን። አባዬ ያኔ ደክሟል። ልቡን ነበር የሚያመው፤ ከመደቡ ተነስቶ አጥሩ ጋ እስኪደርስ ሁለት ጊዜ ያርፋል። እኔ ከአዲስ አበባ የሦስት ቀን ፈቃድ ይዤ ሄድኩ። ሁለት ጎበዞች ቀጠርን። ሁለት ቀን ሙሉ ሲጥሉ፣ ሲመለምሉ፣ ግንዱን በመጋዝ በክንድ በክንድ ሲጎምዱ ዋሉ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሒሳብ ስናወራ «ፍልጡስ?» አሉኝ።

ግንዱን አየሁት። ውሃ የጠገበ ነው፤ አንዱን ጉማጅ ለብቻዬ ማንሳት አቅቶኛል። «አሁንማ እርጥብ ነው። ይድረቅና ይፈለጣል። ደረቅ እንጨት ይቀላል» አልኩ።

አባዬ ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ነበር። «ልጄ፣ ዛሬ ይፈለጥ» አለኝ።

«ችግር የለም አባዬ። ሚያዝያ ላይ መጥቼ አስፈልጠዋለሁ።»

አልመለሰልኝም። ግንዶቹን ሲያይ ቆየና ፊቱን ወደ ፀሐይዋ አዞረ። እኔ የተስማማ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ለመከራከር አቅም አልነበረውም።

ያን ጊዜ የተናገርኩት ከንፉግነት አልነበረም፤ ለፍልጥ የጠየቁት ገንዘብ ትንሽ ነው። ከእንጨት ርቄ ነው። አዲስ አበባ ያለችው ቤቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ አላት፣ ጋዝ አላት። ደረቅ ነገር ይሰበራል፣ እርጥብ ነገር ይተጣጠፋል፤ ጭራሮን እያየሁ ያደግኩ ሰው ስለሆንኩ ግንድም እንደ ጭራሮ መሰለኝ።

ግንዱ ከነቅርፊቱ አጥር ሥር ተከመረ። ሚያዝያ ደረሰ፤ ሥራ በዛብኝና አልሄድኩም። ግንቦት 14 አባዬ አረፈ።

አርባው የዋለው ሰኔ 23 ነው። ተዝካር ምን ያህል ማገዶ እንደሚበላ የሚያውቀው ያወጣ ሰው ነው። ብቅሉ፣ እንኩሮው፣ እንጀራው፣ ዳቦው፣ ሁሉም እሳት ይጠይቃል። የሰኔ ጾም ስለነበር ወጡ ሽሮና ምስር፣ አልጫ ክክም ነበር፤ እሱም በሰው ቁመት ልክ በሆነ ማማሰያ በሚማሰል ትልልቅ ብረት ድስት። እድሩ ድንኳኑንና ዕቃውን አመጣ። የሰፈሩ ሴቶች ከሦስት ቀን በፊት ጀምረው ገቡ። ማገዶ ማቅረብ የእኔ ድርሻ ነበር። የ11 ዛፍ ግንድ አጥር ሥር ተከምሮ ስላለ ስለ ማገዶ አንድም ቀን አላሰብኩም።

የአባቴ ወዳጅ የሆኑ ሽማግሌ አሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ዕድሜያቸው ወደ ሰባዎቹ ነው፤ በአካባቢው ከእሳቸው የተሻለ ፈላጭ የለም። ምሳራቸውን ተሸክመው መጡ። ምሳሩ እንደ መቁረጫ መጥረቢያ ስስ አይደለም፤ ጉንጩ ወፍራም ነው፣ ዛቢያው ወይራ ነው፣ ከእጅ ብዛት ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ግንዱ ጋ ሄደው ጎንበስ አሉና ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«መቼ ነው የተቆረጠው?»

«ኅዳር ነው ጋሼ።»

«እና አባትህ እያለ ነው እንዲህ የተቀመጠው?»

ምን እላለሁ። ዝም አልኩ።

አነሱና መቱት። ምሳሩ ነጠረ። የብረት ድምፅ ነው የሰማሁት። ደግመው በዚያችው ቦታ ላይ መቱ፤ እንደ ጥፍር ቀጭን ምልክት ብቻ ወጣ። በአምስተኛው ትንሽ ተቀበለ። ከዚያ የብረት ሽብልቅ አስገብተው በመዶሻ ይመቱት ጀመር፤ ሽብልቁ አንድ ጣት ያህል እንደ ገባ ከስንጥቁ ጠርዝ ውሃ አቀረረ። በዓይኔ አየሁት። ሰባት ወር ሙሉ፣ ያን ሁሉ የበጋ ነፋስ አሳልፎ፣ ከላዩ ብረት የሆነ ግንድ ሆዱ እርጥብ ነበር! በመጨረሻ ሲከፈት ደግሞ ቀጥ ብሎ አልተከፈተም። ውስጡ እንደ ገመድ የተገመደ ነው፤ ክሮቹ ከአንዱ ግማሽ ወደ ሌላው ተሻግረው ተያይዘዋል፣ እነሱን አንድ በአንድ በምሳር ጫፍ እየበጠሱ ነው የለያዩት።

በግማሽ ቀን አራት ጉማጅ ተፈለጠ። ጋሼ ላባቸው በጀርባቸው ወርዶ ሸሚዛቸው ተጣብቋል። በዚያ ዕድሜ ለወዳጃቸው ተዝካር ሲሉ እንጂ ለገንዘብ ማንም እንደዚያ አይለፋም። «በቃ ጋሼ» አልኳቸው። ገበያ ሄጄ በአህያ የተጫነ እንጨት ገዛሁ፤ በሰኔ የሚሸጥ እንጨት ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ።

ማብሰያው ዳስ ውስጥ የነበረውን ጭስ መቼም አልረሳውም። እንጨቱ አይነድም፤ ይጤሳል። ከፍልጡ ጫፍ አረፋ እየወጣ ይንሾካሾካል። ከላይ ዝናብ፣ ከታች ጭስ። ምጣዱ ስለማይግል እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ አንዷ ስታስቀምጥ ሌላዋ እፍ ትላለች። እማዬን ተቀመጪ ቢሏትም እሺ አላለችም፤ ጥቁሯን ለብሳ ጎንበስ ብላ እፍ ስትል አየኋት፣ ስታስልም ሰማኋት። አንዲት የአባቴ ዘመድ በነጠላዋ ዓይኗን እየጠረገች ወጣችና «ለእሱ ያስቀመጥነውን እንባ ጭሱ ወሰደው» አለች። ማንንም ለመውቀስ አልነበረም ያለችው። እኔ ግን የተፈለጠ ደረቅ እንጨት ለአንድ ቤት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ጋሼን ከተዝካሩ በኋላ ጠየቅኳቸው። ለምን? ደረቅ እንጨት ለምን እንዲህ ይሆናል? እሳቸው የመለሱልኝ አጭር ነው። «ባሕር ዛፍ የወደቀ ዕለት መሰንጠቅ የሚፈልገው እሱ ራሱ ነው። አንተ የምታግዘው ነው። ካለፈ በኋላ ግን ትለምነዋለህ።»

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳነብም ስጠይቅም ቆይቻለሁ፤ የእሳቸው አባባል ትክክል ነው። ባሕር ዛፍ ቆሞ ሲያድግ ግንዱ ውስጥ ውጥረት ይጠራቀማል። ውጪው ይጎተታል፣ መሃሉ ይጨመቃል። ቆሞ እያለ አንዱ ሌላውን ይዞታል። ስትቆርጡት ያ ውጥረት መውጫ ያገኛል፤ ለዚህ ነው የተጎመደው ጫፍ ወዲያው በራሱ የሚሰነጠቀው። አናጺዎች ባሕር ዛፍን ለጣውላ የሚሸሹበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። አናጺ የሚጠላው ስንጥቅ ለፈላጭ በር ነው።

ሁለተኛው ነገር ውሃው ነው። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። 10 ኪሎ ብትሸከሙ 5 ኪሎው ውሃ ነው ማለት ነው። ክሮቹ በውሃ ሲርሱ ለስላሳ ናቸው፣ ምሳሩ መሃላቸው ሲገባ ይለቃሉ። ውሃው እየወጣ ሄዶ ከደረቁ እንጨት ክብደት አንጻር ወደ 30 በመቶ ገደማ ሲወርድ ግን ክሮቹ መኮማተር ይጀምራሉ። እዚያ ላይ ነው እንጨቱ የሚጠነክረው፤ ከዚያ በኋላ በደረቀ ቁጥር ይብሳል። እንደ ጽድ ክሩ ቀጥ ያለ ዛፍ ቢሆን ደርቆም ይፈለጣል፣ ችግር የለውም። የባሕር ዛፍ ክር ግን ይጠማዘዛል። ተጠማዝዞ ከደረቀ በኋላ ፍታልኝ ብትሉት አይፈታም።

ታዲያ ውጪው ብረት ሆኖ ሆዱ ለምን እርጥብ ቀረ? ቅርፊቱ ነው። ግንድ ከነቅርፊቱ ማለት ክዳኑ የተገጠመ ጀሪካን ማለት ነው። ውሃው የሚወጣው በሁለቱ ጫፍ ብቻ ነው፣ ያውም ቀስ እያለ። ስትፈልጡት ጀሪካኑን ቀደዳችሁት ማለት ነው፤ ነፋስና ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ገላ በአንዴ ይበዛል። «ይድረቅና ይፈለጣል» ያልኩት እኔ ነገሩን ገልብጬው ነበር። ሳይፈለጥ አይደርቅማ! እኔ አጥር ሥር ያስቀመጥኩት ማገዶ ሳይሆን ውሃ ነበር።

እርጥብ እንጨት ሲነድ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ የራሱን ውሃ ማፍላትና ማትነን ነው። ለምጣዱ ያሰባችሁት ሙቀት እዚያው ያልቃል፤ እሳቱ ስለሚቀዘቅዝም በደንብ ያልነደደው ሁሉ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ጭስ ደግሞ የዓይን ነገር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ ወደ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ይህን ቁጥር ሳነብ የታየኝ የእማዬ ሳል ነው። ስንት ዓመት ሙሉ እንደሳለች አሰብኩ፤ እኛ ልጆቿ «ብርድ ነው» እያልን።

በ2011 ኅዳር ላይ ተመልሼ ሄድኩ። ስድስት ዛፍ ብቻ ነበር የሚቆረጠው። ጋሼን አስቀድሜ ጠይቄ ነበር፤ ምሳራቸውን ይዘው ገና በጠዋቱ ውርጩ ሳይነሳ ደረሱ። የመጀመሪያው ዛፍ ወደቀ፣ ተመለመለ፣ ተጎመደ። ጋሼ እጄን ያዙና አንዱ ጉማጅ አጠገብ አስቀመጡኝ። «ዝም ብለህ ስማ» አሉኝ።

ዝም አልኩ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ «ቀጭ» አለ። ከመሃሉ ጀምሮ ወደ ጠርዙ የሚሄድ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አየሁ። ቀጥሎ ሌላ «ቀጭ»፣ በሌላ አቅጣጫ። አዲስ የተቆረጠ ፊቱ ነጣ ያለ ክሬም ነው፣ ይረጥባል፣ ሽታው አፍንጫ ይከፍታል፤ ጉንፋን ሲይዘን እማዬ ቅጠሉን አፍልታ የምታጥነን ሽታ። መስመሩ እያየሁት ወደ ቅርፊቱ ተጠጋ። ጋሼ ተነሱና ምሳሩን በዚያ መስመር ላይ ጣሉት። አልመቱትም ልበል፣ ጣሉት ነው የምለው፤ ክብደቱን ብቻ ነው የለቀቁት። ጉማጁ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ተከፈለ። ውስጡ ያልተነካ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ከጠርዙ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። አንድ ምት!

ባለፈው ዓመት ግማሽ ቀን የፈጀባቸውን ያህል ሥራ ቡና ሳይደርስ ጨረሱ። ከዚያ ምሳሩን ለእኔ ሰጡኝ። እኔም ፈለጥኩ፤ የቢሮ እጅ ነው ያለኝ፣ ግን ተከፈለልኝ።

ያስተማሩኝ ነገር ብዙ ነው፤ ሁሉም እዚህ አያልቅም። ስንጥቁ የሚያሳየውን መንገድ ተከተል እንጂ መንገድ አትፍጠርለት አሉኝ። ቀጭኑን ጫፍ ወደ ላይ አድርገው ነው የሚያቆሙት። ወፍራም ጉማጅ ከሆነ መሃሉን አይነኩትም፤ ከጠርዙ እየገመሱ፣ እየገመሱ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ጉጥ ያለበትን ለብቻው ያስቀምጡታል፣ ለፍልጥ አይለፉበትም፤ ለትልቅ ድስት እንዳለ ይገባል፣ ቀስ ብሎ ነድዶ ሌሊቱን ፍም ያሳድራል። ቅርፊቱን ደግሞ በዕለቱ ከያዙት በአንድ ጊዜ ተስቦ ከላይ እስከ ታች ይላጣል፤ ሲከርም ግን ተጣብቆ ያስቸግራል። የተላጠውን ልጥ ጣል አያደርጉትም፤ የፍልጡን እስር ያስሩበታል። ለምጣድ የሚሆነው እንደ ክንድ ቀጠን ያለው ፍልጥ ነው፤ ከሥሩ ቅጠልና ጭራሮ ሲኖር ቶሎ ተያይዞ እኩል ይነዳል። ለምጣድ ወፍራም አስፈልጦ የሚሰጥ ወንድ ጋግሮ አያውቅም ማለት ነው፤ ይሄ የእማዬ አባባል ነው።

ጉቶውንም ነገር ልንገራችሁ። ወደ መሬት ተጠግቶ ነው የሚቆረጠው፣ ትንሽ ዘንበል ተደርጎ፣ ዝናብ ሲመጣ ውሃው እንዳይተኛበት። ባሕር ዛፍ ካቆጠቆጠ ሥሩ አዲስ አይደለምና ከመጀመሪያው ቶሎ ያድጋል። ከሚወጡት ቡቃያዎች ጠንከር ያሉትን ሁለት ሦስት ትቶ ሌላውን ማንሳት ነው። አባዬ በተከለው ሥር ላይ እስከ ዛሬ የምንቆርጠው እንደዚህ ሆኖ ነው።

አሁን «የትኛው ወር ይሻላል?» ለሚለኝ ሰው የምመልሰው ከዝናቡ ወደ ኋላ ቁጠር ብዬ ነው። በእኛ አገር ዋናው ክረምት በሰኔ መጨረሻ ይገባል። ስስ የተፈለጠ ባሕር ዛፍ በደብረ ብርሃን ነፋስ ደህና አድርጎ ለመድረቅ አምስት ስድስት ወር ይበቃዋል። ስለዚህ ኅዳር፣ ቢዘገይ ታኅሣሥ። መሬቱ ደርቋል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ነፋሱ አለ። በየካቲትና በመጋቢት በልግ ቢጥልም የተፈለጠ እንጨት ከላዩ ይረጥብና ተመልሶ ይደርቃል፤ ያ አያሳስብም። ግንቦት ላይ ወደ ጥላ ማስገባት ነው። የጥር ሠርግ ላለበት ቤት ግን የኅዳር እንጨት አይደርስለትም። እሱ ካለፈው ዓመት ሊኖረው ይገባል።

የአክስቴ ልጅ ኖርዌይ ነው የሚኖረው። ይህን ሳጫውተው ሳቀና እዚያም ነገሩ ያው ነው አለኝ። በርች የሚሉት ቅርፊቱ ነጭ የሆነ ዛፍ አላቸው፤ የሚቆርጡት በክረምታቸው ማብቂያ ቅጠል ሳያወጣ ነው፣ የሚፈልጡትም ወዲያው ነው። ብርድ ላይ ግንዱ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ስለሚጠጥር ምሳር ሲያርፍበት እንደ ብርጭቆ ይከፈላል ይላል። ከዚያ ፍልጡን በበጋቸው ያደርቁታል፤ ያ እኛ ክረምት የምንለው ጊዜ ነው። ወሩ የተገላቢጦሽ ነው፣ ቅደም ተከተሉ ግን አልተለወጠም። መጀመሪያ መፍለጥ፣ ከዚያ ማድረቅ።

ስለ ሸክምም አንድ ነገር ልበል። አዲስ አበባ አንድ ጊዜ በማገዶ እጦት ልትለቀቅ ደርሳ እንደነበር ብዙ ሰው ያውቃል። በዙሪያዋ የነበረው የአገር በቀል ዛፍ ተቆርጦ ሲመናመን አፄ ምኒልክ ወደ ምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበር፤ በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. የገባው ባሕር ዛፍ ቶሎ ቶሎ ማደጉ ነው ከተማዋን እዚያው ያስቀራት። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከእንጦጦ ቁልቁል እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ወገባቸው ታጥፎ፣ ከራሳቸው ክብደት ብዙም የማያንስ እስር ተሸክመው። በመኪና ሳልፍ ስንት ጊዜ አይቻቸዋለሁ። አሁን ሳያቸው የማስበው ስለ ውሃው ነው። እርጥብ እንጨት የተሸከመ ሰው ግማሹ ሸክሙ ውሃ ነው። የሚቆርጥ ሰው እዚያው በወደቀበት ፈልጦ፣ እዚያው ነፋስ ላይ አሰንብቶ ቢያስጭን፣ የሚቀለው የሚሸከመው ጀርባ ነው፤ የሰውም የአህያም። እኛም አሁን እንደዚያ ነው የምናደርገው። ተዳፋቱ ላይ ፈልጠን፣ እዚያው ከምረን፣ ግንቦት ላይ ነው ወደ ቤት የምናወርደው።

አከማመሩ እንዲህ ነው። ከሥሩ ድንጋይ ደርድረን ከመሬት እናነሳዋለን። አንዱን ረድፍ በቁመት፣ ሌላውን አቋርጦ፤ መሃል ለመሃል ነፋስ እንዲያልፍ። ከላይ ብቻ ቆርቆሮ ይደረግበታል። በላስቲክ የሚጠቀልሉ አይቻለሁ፤ ያ እንጨቱን ማፈን ነው፣ ውስጡ ይሻግታል። የመጨረሻው ፈተና ጆሮ ነው። ሁለት ፍልጥ አንስታችሁ አጋጩት። እርጥብ ከሆነ «ድም» ይላል፣ ከደረቀ «ቋ» ይላል። ጫፉ ላይ እንደ ኮከብ የተበተነ ስንጥቅ ይኖረዋል፣ እጅ ላይም ይቀላል።

ባለፈው ሐምሌ እማዬ ጋ ሰንብቼ ነበር። ውጪ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ከክምሩ ሁለት ፍልጥ ሳበች፣ ወደ ጆሮዋ አስጠግታ አጋጨቻቸው፤ አባዬ እንደዚያ ያደርግ እንደነበር ያስታወስኩት ያኔ ነው። ምጣዱ ሥር ከተተቻቸው። ተያያዙ። ጓዳው ውስጥ የነበረው ጭስ ከመስኮቱ በቀጭኑ ወጥቶ አለቀ። የመጀመሪያውን እንጀራ አውጥታ ዓይኑን ለእኔ አሳየችኝና ወደ ክምሩ ዞር ብላ በዓይኗ ለካችው።

«እስከ መስቀል ያደርሰናል» አለች።

አደረሰን። ሁለት ረድፍም ተርፏል።